ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ የካንሰር ምርመራ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሴቶች ደረጃ በደረጃ

ወረርሽኝ ሲገባ ሰው ከጤና ጣቢያ ይሸሻል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ያየነው ይህንኑ ነው። ለእርግዝና ክትትል መሄድ ራሱ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ምንም ሳያማት "ልመርመር" ብላ የምትሄድ ሴትማ ከየት ትምጣ!

ይህን ፍርሃት ለመስበር ብዙ ጊዜ "ካንሰር ጊዜ አይሰጥም፣ ዛሬውኑ ተመርመሩ" ይባላል። ነገሩ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። አንዳንዱ ምርመራ ጥቂት ወራት ቢዘገይ ብዙ ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም ማደር የለበትም። ሁለቱን ካልለየሽ ወይ በከንቱ ትጋፊያለሽ፣ ወይ መሄድ ሲገባሽ ቤት ትቀሪያለሽ። ስለዚህ ከመለየቱ እንጀምር።

1. መጀመሪያ ምልክት እንዳለሽ ራስሽን ጠይቂ

ቅድመ ምርመራ የሚባለው ምንም ምልክት ለሌላት ሴት ነው። ምልክት ካለ ስሙ ይቀየራል፤ ሕክምና ነው። ወረርሽኙ እስኪያልፍ አይጠበቅም።

ከማህፀን በር በኩል የሚታዩት እነዚህ ናቸው። ከወር አበባ ውጭ የሚፈስ ደም። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም። መጥፎ ሽታ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ። የማይለቅ የሆድ ግርጌ ወይም የወገብ ሕመም። ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። አንዳንድ እናቶች "የወር አበባዬ ተመለሰ" ብለው ይስቁበታል፤ ልጆቻቸውም አብረው ይስቃሉ። ከዓመት በላይ ጠፍቶ የተመለሰ ደም የወር አበባ አይደለም። እናትሽ እንዲህ ካለችሽ በዚያው ሳምንት ይዘሻት ሂጂ።

ጡት ላይ ደግሞ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ መውጣት፣ ብብት ሥር የሚዳሰስ እብጠት አለ። የጡት ካንሰር በመጀመሪያው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። "አያመኝምና ምንም አይደለም" የሚባለው ሴቶችን ብዙ ጊዜ የሚያዘገያቸው ለዚህ ነው።

ከዚህ ውጭ በሰገራ የሚወጣ ደም፣ እየባሰ የሚሄድ የመዋጥ ችግር፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ለሳምንታት የማይድን ቁስል ካለ ወንድም ሴትም ይሂድ። ለነዚህ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንደ ማህፀን በር ያለ መደበኛ ቅድመ ምርመራ የለም። ስለዚህ ምልክቱን ማወቅ ነው ዋናው።

አትደንግጪ። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። ደሙም ከኢንፌክሽን ወይም ከማህፀን ዕጢ ሊሆን ይችላል። የሚለየው ግን ሐኪም ነው፤ ጎረቤት አይደለችም።

2. ምልክት ከሌለሽ፣ ተራሽ መሆኑን እዪ

በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጠው ዋናው ቅድመ ምርመራ የማህፀን በር ካንሰር ነው። የሚመለከተው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ነው። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ሴት ከ25 ዓመቷ እንድትጀምር የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

"ጥቂት ወራት ቢዘገይ ጉዳት የለውም" ያልኩት ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ የሚተላለፈውም በግንኙነት ነው። ብዙ ሴት ይይዛታል፤ ከብዙዎቹም በራሱ ጊዜ ይጠፋል። በጥቂቶች ላይ ግን ይቆያል። ከቆየ ወደ ካንሰር ለመቀየር አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ሦስት ወር እዚህ ላይ ምንም ማለት አይደለም።

የሰውነት መከላከያዋ በተዳከመ ሴት ላይ ግን መንገዱ ያጥራል፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ ሊሆን ይችላል። ኤችአይቪ ያለባት ሴት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ስድስት እጥፍ ነው። ስለዚህ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ በቀላሉ አታዘግዪ። በወረርሽኝ ጊዜ የመድኃኒት ቀጠሮ ይራራቃል፤ የብዙ ወር አንድ ላይ ይሰጣል። ያቺን አንድ ቀን ተጠቀሚባት። "መድኃኒቱን ስወስድ የማህፀን በር ምርመራውም እዚያው ይሠራልኝ" በይ። ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ትድኛለሽ።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ተናገሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወለድሽ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው የሚሠራው። 50 ካለፈሽ በአቼቶ የሚሠራው ምርመራ አይመችሽም፤ መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በዓይን አይገኝም። ለአንቺ የሚሻለው የኤችፒቪ ምርመራ ነው። ሁለቱም እንዴት እንደሚሠሩ ከዚህ በታች እመጣበታለሁ።

3. ከቤት ሳትወጪ ጠይቂ

በወረርሽኝ ጊዜ ትልቁ ኪሳራ ሄዶ መመለስ ነው። ባለሙያ ይዛወራል፣ ክፍል ይዘጋል፣ ሆስፒታል ሥራውን ይቀይራል። በኮሮና ጊዜ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የኮሮና ታማሚዎች ማከሚያ ሆኖ ነበር። ትናንት ለሌላ ነገር የሄድሽበት ግቢ ዛሬ አጥር ታጥሮ ሊጠብቅሽ ይችላል።

የቀበሌሽን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታውቂያታለሽ። ስልኳ ከሌለሽ ቡና የምታጣጪያት ጎረቤት ዘንድ አይጠፋም። እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፦ ምርመራው በየትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ቀን ነው? የሠለጠነችው ነርስ አለች ወይስ ወደ ወረርሽኙ ሥራ ሄዳለች? ችግር ቢገኝ ሕክምናው እዚያው ይሰጣል? ክፍያ አለው? የመጨረሻው ጥያቄ ያሳፍራል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከሁሉም በፊት ብትጠይቂው አይከፋኝም።

ሴት ባለሙያ እንድትመረምርሽ ከፈለግሽ አሁኑኑ ተናገሪ። በኛ አገር ብዙ ሴት የምትቀረው በዚህ ነው። ለሃይማኖቷ ብላ ሊሆን ይችላል፣ ለባሏ ብላም ሊሆን ይችላል፣ አፍራም ሊሆን ይችላል። ቀድመሽ ከተናገርሽ ሴት ነርስ የምትገባበትን ቀን ይነግሩሻል። በር ላይ ደርሰሽ ከሆነ ግን አንቺም ትመለሻለሽ፣ እነሱም ይቸገራሉ።

4. ቀኑን ምረጪ

የወር አበባ ላይ እያለሽ አትሂጂ፤ ደሙ ያለውን ይሸፍነዋል። ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ያህል ግንኙነት ይቅር፤ ማህፀን ውስጥ የሚገባ መድኃኒትና ወደ ውስጥ ውሃ አስገብቶ መታጠብም ይቅር።

ደሴ ከሆንሽ ሰኞን ተዪው። የገበያ ቀን ነው። ከየወረዳው የሚመጣው ሰው ሚኒባሱንም ጤና ጣቢያውንም ይሞላዋል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሪ ከሆነ የሌሊት ፈረቃ ያለብሽን ሳምንት ምረጪ፤ ጠዋቱ ነፃ ነው። ደክሞሽ ትሄጃለሽ፣ እውነት ነው። ከቀን ፈረቃ ፈቃድ ከመለመን ግን ይሻላል።

አንቺ ወይም አብሮሽ የሚኖር ሰው ትኩሳት ወይም አዲስ ሳል ካላችሁ ምልክት ለሌላት ሴት የሚሠራው ምርመራ ይቆይ። ወደ 8335 ደውዪና የሚሉሽን አድርጊ። ተራ ቁጥር 1 ላይ የዘረዘርኩት ምልክት ካለሽ ግን ትኩሳት ቢኖርሽም አትቅሪ። ማስክ አድርገሽ፣ በር ላይ ሁለቱንም ተናግረሽ ግቢ።

የምትይዢው ብዙ አይደለም። የጤና ጣቢያ ካርድሽ፣ የጤና መድን ደብተርሽ፣ ክትትል ካለሽ የክትትል ደብተርሽ፣ አንድ ሞዴስ፣ ማስክ። ሱሪ ሳይሆን ሰፊ ቀሚስ ልበሺ። ቀሚሱን ወደ ላይ ማድረግ ብቻ ይበቃሻል፤ ሙሉ በሙሉ መራቆት አያስፈልግም። ይህን ሳያውቁ የሚጨነቁ ብዙ ናቸው። ልጆቹን ቤት ተዪ። አብሮሽ ሰው ቢመጣ አንድ ይበቃል፤ እሱም ውጭ ይጠብቅ።

5. ጤና ጣቢያ ስትደርሺ

በር ላይ እጅ መታጠብና ሙቀት መለካት አለ። እዚያው ለምን እንደመጣሽ ተናገሪ። ዝም ካልሽ ከተመላላሽ ታካሚው ጋር ወረፋ ያስይዙሻል፤ እዚያ ደግሞ የሚያስለው ሁሉ ነው ያለው። "ለማህፀን በር ምርመራ ነው የመጣሁት" ካልሽ ወደ እናቶች ክፍል ይመሩሻል። ወረፋ ካለም ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ጠብቂ።

የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ። ጠዋት ጠዋት መስኮት መዝጋት ልማድ ነው፤ በሽታ የሚያስተላልፈው ግን የተዘጋ ክፍል ነው። "መስኮቱን ትንሽ ክፈቱት" ማለት ነውር አይደለም። ጋቢ ደርበሽ መጠበቅ ይሻላል።

6. ምርመራው ራሱ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ፍርሃቱ ያለው እዚህ ነውና።

ነርሷ መጀመሪያ ትጠይቅሻለች፦ ስንት ወለድሽ፣ የወር አበባሽ መቼ መጣ፣ ደም አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ። ከዚያ አልጋ ላይ በጀርባሽ ትተኛለሽ፤ ጉልበትሽን አጥፈሽ ትከፍቻለሽ። ማህፀን በር እንዲታይ ስፔኩለም የሚባል መሣሪያ ታስገባለች። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ ይጫናል። ትንፋሽሽን ከያዝሽ ጡንቻው ይጠብቅና ይብስብሻል። በአፍሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ካመመሽ "ቆይ ሲስተር" በይ፤ ትቆማለች።

ከዚያ በጥጥ አቼቶ ትቀባዋለች። አዎ፣ ሰላጣ ላይ የሚደረገው አቼቶ ዓይነት ነው፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ ተደርጎ የተዘጋጀ። ትንሽ ሊያቃጥል ይችላል። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቅና ትመለከታለች። ጤነኛው ቦታ ሮዝ ሆኖ ይቀራል፤ መለወጥ የጀመረ ሴል ያለበት ቦታ ይነጣል። ማሽን የለውም፣ ላብራቶሪም የለውም፤ ውጤቱ እዚያው አልጋ ላይ ይነገርሻል። በወረርሽኝ ጊዜ የዚህ ምርመራ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ለውጤት ብለሽ አትመላለሺም።

አንድ ነገር ላይ ጠንካራ ሁኚ። ጓንቱ አዲስ መሆኑን በዓይንሽ እዪ። መሣሪያው ከእያንዳንዷ ሴት በኋላ በ0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ መታጠብ፣ ከዚያም በሙቀት መቀቀል አለበት። ወረርሽኝ ሲመጣ የመጀመሪያው የሚጠፋው ጓንት ነው። ጓንት ከሌለ ምርመራው ይቅር፤ ሌላ ቀን ይሠራል።

ሌላው ዘዴ የኤችፒቪ ምርመራ ነው። ናሙናውን ራስሽ ትወስጂያለሽ። ለስላሳ ብሩሽ ወይም ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ይሰጥሻል፤ መጋረጃ ጀርባ ገብተሽ ታስገቢያለሽ፣ ታዞሪያለሽ፣ ትመልሺያለሽ። ማንም አያይሽም፣ ማንም አይነካሽም። ለወረርሽኝ ጊዜ ከዚህ የሚሻል የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ናሙናው የሚሠራው በማሽን መሆኑ ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ለቲቢም ለኮሮናም ያገለግላል፤ ወረርሽኝ ሲበረታ ለኤችፒቪ ተራ ላይደርሰው ይችላል። ስለዚህ ናሙና ሰጥተሽ ስትወጪ "ውጤቱ መቼ ይደርሳል? በማን ስልክ ልጠይቅ?" ሳትዪ አትውጪ። ቫይረሱ ከተገኘብሽም ካንሰር ተገኘብሽ ማለት አይደለም፤ በዓይን የሚታይ ምርመራ ይቀጥላል ማለት ነው።

ከአልጋው ሳትወርጂ "ጡቴንም ዳሺልኝ" በይ። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ብዙ ጊዜ ካልጠየቅሽ አይሠራም።

7. ውጤቱ "ነጥቷል" ከተባለ

ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ወደፊት ካንሰር ሊሆን ይችል የነበረ ነገር ተገኘ ማለት ነው። ምርመራው የተፈለገውም ለዚሁ ነው።

ሕክምናው ያለበት ጤና ጣቢያ ከሆነ እዚያው፣ በዚያው ቀን ይሠራል። በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ያቺን ቦታ ብቻ ያጠፏታል። በሙቀት ሲሠራ ከደቂቃ በታች ነው፤ እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት ይሰማሻል። "ባሌን አማክሬ ልምጣ" ማለት ያምርሻል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ግን መመለሱ ከባድ ነው። ከቻልሽ ከመሄድሽ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ። መሣሪያው ከሌለ ወይም ከተበላሸ ቀጠሮ ያዢ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢበዛ በስድስት ወር ውስጥ እንዲታከም ይላል። ስድስት ወሩን ሙሉውን ጠብቂ ማለት ግን አይደለም።

ከሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፤ ሞዴስ የያዝሽው ለዚህ ነው። ግንኙነት ለአራት ሳምንት ይቆማል። ይህን ለባልሽ አንቺ ብቻሽን ከምትነግሪው ነርሷ ብትነግረው ይሻላል። ስልክ ደውላ እንድታስረዳው ጠይቂያት። "የት ሄደሽ ነው እንዲህ ያሉሽ?" የሚለው ጭቅጭቅ ያጥራል። ጨርሶ የማይቻል ከሆነ ኮንዶም ይኑር።

አሁን ደግሞ በወረርሽኝ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ችግር አለ። በነዚያ ሳምንታት ትኩሳት ቢይዝሽ፣ በሩ ላይ ሙቀትሽ ሲለካ በቀጥታ ወደ ወረርሽኙ ክፍል ይልኩሻል። ኢንፌክሽኑ ማህፀን ላይ ሊሆን ይችላል፤ እነሱ ግን ይህን አያውቁም። "በዚህ ቀን የማህፀን በር ሕክምና ተደርጎልኛል" ብለሽ ቀድመሽ ተናገሪ፤ ካርዱንም አሳዪ። መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ከወር አበባ የበዛ ደም፣ ከባድ የሆድ ሕመም ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ከዓመት በኋላ ተመልሰሽ ትታያለሽ።

8. "ሪፈር" ከተባልሽ

ነርሷ ቁስል ወይም እብጠት ካየች፣ ወይም የነጣው ቦታ ሰፊ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ትልክሻለች። የጡት እብጠትም እንዲሁ። ከኮምቦልቻ ከሆንሽ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ይህ ጉዞ አይዘገይም፤ ወረርሽኙ እስኪቀልም አይጠበቅም።

የሪፈራል ወረቀቱን እዚያው ቆመሽ አንብቢው። ስምሽ ከነአባትሽ ተጽፏል? ቀኑ አለ? ማህተም አለው? ማህተም የሌለው ወረቀት ይዞ ከደሴ ኮምቦልቻ መመለስ ምን እንደሚያናድድ የደረሰባት ታውቀዋለች። በ2012 በክልሉ የሕዝብ ትራንስፖርት ለጊዜው ቆሞ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ለምን እንደምትጓዢ የሚያሳይልሽ ይኸው ወረቀት ነው። መንገድ ከመጀመርሽ በፊት ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታሉ ሊያዞን (ሪፈር የተባሉትን ወደሚያስተናግደው ክፍል) ደውሎ የምትታዪበትን ቀን እንዲይዝልሽ ጠይቂ።

ሆስፒታል ናሙና ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። የጡት ከሆነ በቀጭን መርፌ ሊወሰድ ይችላል። ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን በጽሑፍ ያዢ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጡት ካንሰር ያስቀመጠው ግብ አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ከመጣች በ60 ቀን ውስጥ በሽታው ተለይቶ እንዲታወቅ ነው። ስልሳው ቀን እየተጠጋ ማንም ካልደወለልሽ አንቺ ሂጂ። ጨዋነት ብለሽ ዝም አትበዪ።

የጨረር ሕክምና ካስፈለገ ጉዞው ይረዝማል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ይህ ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማረፊያውን፣ አስታማሚውን፣ ገንዘቡን ከቤተሰብ ጋር ከወዲሁ መነጋገር ያስፈልጋል። የጤና መድን ካለሽ ሪፈራሉ ደረጃውን ጠብቆ መሄዱን አረጋግጪ፤ ጤና ጣቢያውን ዘለሽ ከሄድሽ ላይሸፍንልሽ ይችላል።

9. ወረቀትሽን ራስሽ ጠብቂ

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ወረርሽኝም መዝገብ ያዘበራርቃል። ስለዚህ ካርዱ ጤና ጣቢያ አለ ብለሽ አትተማመኚ። ውጤቱን፣ የሪፈራል ወረቀቱን፣ የቀጠሮ ቀኑን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ለአንድ የምታምኛት ሰውም ላኪላት። ስልክ ይጠፋል።

ንጹሕ ነሽ ከተባልሽም የሚቀጥለው ጊዜ መቼ እንደሆነ ካርዱ ላይ አስጽፊ። በአቼቶ ለታየች ሴት የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በየሦስት ዓመቱ ነው፤ በኤችፒቪ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት። ኤችአይቪ ያለባት ሴት በኤችፒቪ ብትታይም ከ3 እስከ 5 ዓመት ትመለሳለች። ክፍሉ ተዘግቶ ቀጠሮሽ ካለፈብሽ "አለፈኝ" ብለሽ አትተዪው፤ ሲከፈት መጀመሪያ ከሚገቡት አንዷ ሁኚ።

ጡትሽን ደግሞ ቤትሽ ሆነሽ መከታተል ትችያለሽ። የወር አበባሽ ካበቃ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ገላሽን ስትታጠቢ፣ በሳሙና በራሰ እጅ ዳሺው። የምትፈልጊው ካንሰር አይደለም፤ የራስሽን ጡት መልክ ማወቅ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ያኔ ይታወቅሻል።

10. ሴት ልጅ ካለችሽ

የኤችፒቪ ክትባት በአገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክትባቱም አብሮ ይቆማል፤ በኮሮና ጊዜ አደጋው ይኸው ነበር። ከ9 እስከ 14 ዓመት ያለች ልጅ ካለችሽና ካልተከተበች ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት አትጠብቂ፤ ጤና ጣቢያ ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ አንድ መርፌም ይበቃል ብሏል።

ክትባቱ በዋናነት የሚከላከለው 16 እና 18 የሚባሉትን ዓይነቶች ነው። ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። የቀሩትን ዓይነቶች ሙሉ በሙሉ ስለማይሸፍን፣ የተከተበችም ልጅ 30 ዓመት ሲሞላት እንደ እናቷ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታያለች።